ሦስተኛው ፔዳል

የመድኃኒት መጋዘኑ የኋላ አጥር ተቆርጦ፣ የመስኮቱ ፍርግርግ ተገንጥሎ፣ ማቀዝቀዣዎቹ አፋቸውን ከፍተው የተገኙት ጠዋት ነው፤ ሌሊቱን ሲወርድ ያደረው ዝናብ ገና በቅጡ ሳያባራ። ውድ የሚባለው መድኃኒት ሁሉ የለም። ሌባው በምትኩ አንድ ነገር ትቶ ሄዷል፤ ከአጥሩ ጋር ተደግፎ የቆመ ብስክሌት።

ብስክሌት መባል ከቻለ ነው። ቀለሙ የበር ቀለም ነው፤ ያውም ከበር የተረፈ፣ በብሩሽ ላይ በላዩ የተለቀለቀ አረንጓዴ። ኮርቻው በጎማ ከመነዳሪ ቁራጭ ተጠቅልሏል። ጭቃ የሚከላከሉት ፓራፋንጎዎቹ ከቢጫ ጀሪካን ተቀደው የተሠሩ ናቸው። ከኋላ የአትክልት ሣጥን በብሎን ተመትቶበታል። መርማሪው ጎንበስ ብሎ ሲያየው፣ መንገድ ላይ ወድቆ ቢያገኘው እንኳ ለማንሳት እንደማይጎነብስ አሰበ።

መርማሪውን ባልደረቦቹ «ሙጫው» ይሉታል። ከያዘ አይለቅም ለማለት ነው። አዛዡ ስሙን ሲጠራው ግን ከምስጋናው ይልቅ ምሬቱ ይበዛል።

«የፋርማሲስቷ ናት!» አለ አጥሩ መቆረጡን መጀመሪያ ያየው ጫኝና አውራጅ። «ይቺን የማያውቅ ማን አለ? ከዋናው ቢሮ በዚች ነው የምትመላለሰው። አስቀያሚ ናት ብለን ስንስቅባት እሷ ጭራሽ ትኮራባታለች።»

«ትኮራባታለች?»

«እንዴታ! ‹ከእኔ በቀር ማንም አይነዳትም› ትላለች። ጠይቃት፣ አሁንም ትልሃለች።»

ሙጫው ዙሪያውን ቃኘ። ወደ መጋዘኑ የሚያስገባው አንድ መንገድ ብቻ ነው፤ ቀይ አፈር የተደፋበት፣ በዝናቡ ቦክቶ ጫማውን እስከ ቁርጭምጭሚቱ የዋጠው። ጫማውን እየረገመ ብስክሌቷን በፖሊስ መኪና አስጫናት።

ጣቢያ ሲደርስ ፋርማሲስቷን ከሥራ ቦታዋ አምጥተው አስቀምጠዋታል። አርባዎቹን የጀመረች፣ ፀጉሯን አጥብቃ ያሰረች፣ ወንበሩ ላይ ቀጥ ብላ የተቀመጠች ሴት ናት። አጠገቧ ጥርሱ የማይከደን ወጣት ፖሊስ ቆሟል። ሁሉም «ሳቂታው» ነው የሚሉት።

«ንገሪው እስቲ፣ ለእኔ የነገርሽኝን» አላት ሳቂታው።

«እኔና አንተ የት ነው የምንተዋወቀው? ስታናግረኝ አንቱ በለኝ» አለችና ወደ መርማሪው ዞረች። «ብስክሌቴ ተገኘች?»

ሙጫው ብዙ ሰው ጠይቋል። መጀመሪያ ስለ ራሱ ሳይሆን ስለ ብስክሌቱ የሚጠይቅ ተጠርጣሪ ግን ገጥሞት አያውቅም።

«ተገኝታለች። የተዘረፈው መጋዘን አጥር ሥር።»

«ማን ወስዷት?»

«እርስዎ ነድተዋት ሄደዋል እየተባለ ነው።»

«ትናንት ከሥራ ስወጣ ከታሰረችበት የለችም። ለቢሮው ዘበኛ ወዲያው ነገርኩት። ከዚያ በዝናብ በእግሬ ቤቴ ገባሁ። ብቻዬን ነው የምኖረው፣ ምስክር አቅርቢ ካላችሁኝ የለኝም።»

«ለምን ለፖሊስ አላመለከቱም?»

ሴትዮዋ ሳቀች፤ ደስ የማይል ሳቅ ነበር። «ለእናንተ? የመጀመሪያው ብስክሌቴ ሲሰረቅ እዚሁ መጥቼ ነበር። ‹እህቴ፣ ታክሲ ሞልቷል› አለኝ ይኸው ልጅ። ሁለተኛው ሲሰረቅ ሳቀ። ሦስተኛው ሲሰረቅ ጓደኞቹን ጠርቶ በጋራ ሳቁ። አንዱንም አልጻፋችሁትም። ያን ቀን ከዚህ በር ስወጣ ቆረጥኩ። ሌባም ፖሊስም ተባብረው እግረኛ አያደርጉኝም አልኩ።»

ሳቂታው ጣሪያውን ማየት ጀመረ።

«አሮጌ ብስክሌት ገዛሁ» ብላ ቀጠለች፤ ስለ ብስክሌቷ ስታወራ ድምጿ ለዘብ አለ። «የተራራም የአስፋልትም ያልሆነች፣ ድቅል። ማርኳን ፍቄ አጠፋሁ። የሚያብለጨልጭ ነገሯን በሙሉ ቀለም ቀባሁት። ጎማዎቿ በእጅ የሚፈቱ ነበሩ፣ በመፍቻ ብቻ በሚፈታ ብሎን ቀየርኳቸው። የብሎኖቹን ጭንቅላት በሰም ደፈንኩ። ኮርቻዋን በአሮጌ ሰንሰለት ከወገቧ ጋር አሰርኩ። መብራቷን በየት በኩል እንደሚፈታ እኔም ረስቼዋለሁ። ፓራፋንጎ የሠራሁላት ቀሚሴ ጭቃ ጠግቦ ሥራ መግባት ስለሰለቸኝ ነው። ያለ እኔ አትነዳም።»

«ይህንን ሁሉ አድርገው እንኳ፣ የተቀመጠባት ሰው ሊነዳት ይችላል።»

«አይችልም።» ቦርሳዋን ከፈተችና በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ጨርቁ ሲገለጥ የተፋፋቀ ጥቁር ፔዳል ነው። «ባቆምኳት ቁጥር ግራ እግሯን ይዤ ነው የምሄደው።»

ሙጫው ፔዳሉን አየ። ከዚያ ቀና ብሎ በመስኮቱ አሻግሮ ግቢውን ተመለከተ። ሌላ ፖሊስ አረንጓዴዋን ብስክሌት ከመኪናው አውርዶ ግቢውን እየዞረባት ነበር። ሁለት እግር፣ ሁለት ፔዳል። የተቀሩት ፖሊሶች በሳቅ ፈርሰዋል።

ፋርማሲስቷም አየች። ፊቷ አመድ መሰለ።

«ያ ፔዳል የእኔ አይደለም» አለች ቀስ ብላ።

አዛዡ ነገሩን ሲሰማ ጊዜ አላጠፋም። «ጎበዝ ናት! መለዋወጫ ፔዳል ገዝታ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች፣ ከዚያ ‹ያለዚህ አትነዳም› ትለናለች። ራሷ ናት! ከእሷ በቀር ማንም አይነዳትም ስትል ከተማው ሁሉ ሰምቷታል። ነገ ጠዋት ፍርድ ቤት ትቀርባለች። አበቃ።»

«ጌታዬ፣ ያቺ ሴት የሥራ ፈቃዷን ታጣለች። ነጻ ብትወጣ እንኳ በመድኃኒት ስርቆት ፍርድ ቤት የቆመች ፋርማሲስት ማን ይቀጥራል?»

«ይህን ከመስረቋ በፊት ብታስብበት ጥሩ ነበር። እስከ ነገ ጠዋት ድረስ ጊዜ አለህ፣ መነካካትህ እንደሆነ አይቀርም።»

ሙጫው ተመልሶ ፊት ለፊቷ ተቀመጠ። ድምጹን ዝቅ አደረገ። «ይስሙኝ። ‹ሌላም ሰው ሊነዳት ይችላል› ቢሉ ይሻልዎታል። አንገትዎ ላይ ገመዱን ያጠለቀው የራስዎ ንግግር ነው።»

«አልልም።»

«ለራስዎ ብዬ ነው።»

«ገብቶኛል። ግን ውሸት ነዋ! እናንተን ለማስደሰት ብዬ የሠራሁትን ሥራ አልክድም። እኔ ግራ እግሯን ይዤባታለሁ፣ ስለዚህ ከታሰረችበት ተነድታ አልወጣችም። ካልተነዳች እንዴት ሄደች? እሱን የመፈለግ ሥራ የእኔ ነው የእርስዎ?»

ሙጫው ተነስቶ ወደ ግቢ ወጣ፣ የሚዞረውን ፖሊስ ገፍትሮ አወረደው፣ ብስክሌቷንም ገለበጣት። ጎማዎቿ ላይ የሲሚንቶው ግቢ እርጥበት ብቻ ነው ያለው። ጎማውን ዝናብ አጥቦት ይሆናል፣ እሺ። ጣቱን በቢጫው ጀሪካን ሥር፣ ዝናብ በማይደርስበት በኩል ሰደደ። ንጹሕ ነው። በዚያ ጫማ በሚውጥ ቀይ ጭቃ የተነዳች ብስክሌት ፓራፋንጎዋ ሥር የጭቃ ፍንጣሪ የላትም።

ተነድታ አልሄደችም። ተጭና ነው የሄደችው። አንድ ሰው ጭኖ ወስዷት፣ አንድ እግር እንደጎደላት ሲያይ «ማን ያምነኛል» ብሎ እግር ገጠመላት። ሙጫው ያንን ሦስተኛ ፔዳል ፈትቶ ኪሱ ከተተው፤ ሲፈታው ብሎኑ እንደ ለመደው ወደ ግራ አልዞር ብሎ ብዙ አለፋው። የግራ ፔዳል ጥርሱ በተቃራኒው እንደሚዞር የነገረችው በመስኮቱ የምትመለከተው ፋርማሲስት ናት፤ ያውም በጩኸት።

ከዚያ ወደ ዋናው ቢሮ ሄደ። የመድኃኒት ድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ ቀላ ያለ፣ ወፍራም፣ ሽቶው ከእሱ ቀድሞ የሚደርስ ሰው ነው። በጠራራ ፀሐይ ቢሮውን ቆልፎ ኖሮ ከአንገቱ ቁልፍ አውጥቶ ከፈተለት።

«ጥንቃቄ ነው» አለ። «በዚህ ክፍል ያለ እኔ ዝንብ አትገባም። ጽዳቱን እንኳ እኔው ነኝ የማጸዳው፤ ቁልፉም አንድ ነው፣ እሱም ከአንገቴ አይወርድም። የመድኃኒት ሥራ እኮ ነው የያዝነው።»

ክፍሉ በዕቃ የተሞላ ነው። ጥጉ ላይ ኮት፣ በኮቱ ላይ ሹራብ፣ በሹራቡ ላይ ጃንጥላ የተቆለለበት መስቀያ አለ። ግድግዳው ላይ የሽልማት ወረቀቶች ተሰቅለዋል። ሙጫው ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ።

«አዝናለሁ» አለ ሥራ አስኪያጁ እጁን እያፍተለተለ። «ጎበዝ ሠራተኛ ነበረች። ሰሞኑን ግን የመጋዘኑን ቁልፍ ስጠኝ፣ ማቀዝቀዣዎቹን ራሴ ልቁጠራቸው እያለች መግቢያ መውጫ አሳጣችኝ። ለምን እንደሆነ አሁን ገባኝ።»

«ቁልፉን ሰጧት?»

«በሚቀጥለው ሳምንት አብረን እንሄዳለን አልኳት። ያን ያህል መታገሥ አቃታት።»

«የብስክሌቷን ቁልፍ ማን ሊያገኝ ይችላል?»

«እሳት ቢነሳ ተብሎ የሁሉም ብስክሌት ትርፍ ቁልፍ በሩ ላይ ባለው የጥበቃ ክፍል ተሰቅሏል። ማንም ያገኘዋል። ዘበኛውን ይጠይቁት፤ ብስክሌት ይወዳል።» የመጨረሻውን ነገር የተናገረው በሩን እየከፈተለት ነው።

«እርስዎስ ትናንት ማታ?»

«የባልንጀራዬ የጡረታ መሸኛ እራት ላይ ነበርኩ። አዳራሽ ሙሉ ሰው አይቶኛል።»

ሙጫው ግቢው በር ላይ ዘበኛውን አገኘው። ዘበኛው ትርፍ ቁልፎቹን አሳየው። ፋርማሲስቷ ብስክሌቷ መጥፋቷን በጊዜ እንደነገረችው አመነ፣ ያን ጊዜ እንደሳቀባትም አልሸሸገም።

«ልብ ብዬ እኮ አልሰማኋትም» አለ አንገቱን ደፍቶ። «ያቺን ጉድ ማን ይሰርቃል አልኩ።»

«ያኔ የወጣ መኪና ነበር?»

«የአለቃ ፒክአፕና የጭነት መኪናዋ። የአለቃን መኪና ደግሞ ማን ይፈትሻል? እንጀራዬን ልጣ?»

ሙጫው ሦስተኛውን ፔዳል ይዞ ገበያው ዳር ያለ ብስክሌት ጠጋኝ ጋ ሄደ። ጠጋኙ ፔዳሉን በእጁ አሽከረከረው፣ ወደ ጆሮው አስጠጋው፣ አሸተተውም።

«የልጆች ብስክሌት ነው» አለ በሙሉ እምነት። «አዲስ ነው፣ መንገድ አልቀመሰም። ጠጠር ጭረት አላስቀመጠበትም።»

«ጎኑ ላይ ያለው ሽንቁርስ?»

«ለማማር ነው። የዘመኑ ፋብሪካ ለማማር የማያደርገው የለም።»

ዘበኛው ለሴት ልጁ በቅርቡ ብስክሌት እንደገዛላት ጎረቤቶቹ ነገሩት። ሙጫው ልቡ እየዘለለ ዘበኛው ቤት ሄደ። ብስክሌቷ በሩ ላይ ቆማለች፤ ሮዝ ናት፣ ፔዳሎቿም ሮዝ፣ ሁለቱም በቦታቸው። ልጅቷ ከቤት ወጥታ ብስክሌቷን በሁለት እጇ ያዘቻት። ዘበኛው ከሥራ ሲመለስ የደረሰው እዚያው ላይ ነበር።

«እኔ ደሃ ስለሆንኩ ነው አይደል ቀድመህ የኔን በር ያንኳኳኸው?» አለ። ሙጫው ይቅርታ ጠየቀው። ዘበኛው ይቅርታውን ሳይቀበል በሩን ዘጋበት፤ ሙጫው ቢሆን እሱም እንደዚያ ያደርግ ነበር።

ሲመሽ ታላቅ እህቱ ቤት ሄደ። በሳምንት አንዴ እሷ ጋ እራት ካልበላ ስልኩ አያርፍም። እትዬ ከወጥ ቤት ሆና ጮኸች፤ «መጣህ? ጫማህን አውልቅ! ምን ረግጠህ ነው የመጣኸው? ኮትህን ደግሞ ወንበር ላይ እንዳትጥል፣ እዚያች ብስክሌት ላይ ስቀለው!»

«የትኛዋ ብስክሌት?»

«ዶክተሩ ለጉልበቴ ያዘዘልኝ ናታ! እንዴ፣ ራስህ አይደለህ ተሸክመህ ያመጣህልኝ?»

በሳሎኑ ጥግ፣ ከሻርፖችና ከነጠላዎች ክምር ሥር፣ ባለችበት የምትነዳ የስፖርት ብስክሌት ቆማለች። ሙጫው ኮቱን እንደያዘ ቀረ።

«እትዬ፣ ነድተሻት ታውቂያለሽ?»

«መጀመሪያ ሳምንት። ከዚያ ወዲያ መስቀያ ሆነች። የሁሉም ሰው ቤት እንደዚሁ ናት አሉ፤ ምን ታፈጥብኛለህ?»

ሙጫው ተንበርክኮ ሻርፖቹን ገለጠ። የእህቱ ብስክሌት ፔዳል ጎኑ ላይ ሽንቁር አለው፤ በሽንቁሩ በኩል እግር የሚያሥር የላስቲክ ማሰሪያ ያልፋል። ኪሱ ውስጥ ያለውን ፔዳል አውጥቶ አጠገቡ ያዘው። ሽንቁሩ ያው ነው፤ ማሰሪያው ብቻ የለም። መንገድ ያልቀመሰው መንገድ ስለማይወጣ ነው።

ኮት፣ በኮቱ ላይ ሹራብ፣ በሹራቡ ላይ ጃንጥላ።

«እራቱ ይቀዘቅዛል!» አለች እትዬ።

«ይቀዝቅዝ፣ እህቴ! እግርሽን ልሳመው!»

«ጠጥተህ ነው የመጣኸው?»

ጠዋት፣ ፋርማሲስቷን ወደ ፍርድ ቤት የሚወስዳት መኪና ከመነሳቱ በፊት፣ ሙጫው ሥራ አስኪያጁ በር ላይ ቆሞ ጠበቀው። ሳቂታውንም ይዞት መጥቷል። ሥራ አስኪያጁ ቁልፉን ከአንገቱ አወጣ፣ በሩን ከፈተ፣ ፈገግ አለ።

«አልቋል አሉኝ እኮ ጉዳዩ።»

«ጫፉ ላይ ነን» አለ ሙጫው። ቀጥ ብሎ ወደ ጥጉ ሄደና ጃንጥላውን፣ ሹራቡን፣ ኮቱን በተራ አነሳ። ከሥር የስፖርት ብስክሌት ቆሟል። የቀኝ ፔዳሉ ከነማሰሪያው በቦታው ነው። በግራው በኩል ባዶ ብረት ቀርቷል፤ ብረቱ ላይ መፍቻ ደጋግሞ ያዳለጠበት አዲስ ጭረት ያብለጨልጫል።

«ብሎኑ አልፈታ ብሎ አስቸገረዎት አይደል?» አለ ሙጫው። «እኔንም አስቸግሮኛል። በተቃራኒው ነው የሚዞረው።»

ሥራ አስኪያጁ ፈገግታውን ገና አላወረደም። «እሱ ድሮ ነው የተሰበረው።»

ሙጫው ፔዳሉን ከኪሱ አወጣና በሁለት ጣቱ በባዶው ብረት ላይ አዞረው። ያለ አንዳች ግፊያ ገባ። «አልተሰበረም። ትናንት ሌላ ብስክሌት ላይ ነበር።»

ሥራ አስኪያጁ ከንፈሩን ላሰ።

«እንግዲያው... ሰው ገብቶ ሰርቆኝ ነው። ቢሮዬ እኮ ገበያ ነው፤ ሁሉም ይገባል ይወጣል፣ ዘበኛው፣ ጽዳቶቹ...»

«ዝንብ አትገባም ብለውኝ ነበር።»

«እንዲያው ለአፌ ያህል ነው...»

«ቁልፉ አንድ ነው፣ ከአንገቴ አይወርድም ብለውኝ ነበር። ጽዳቱን እኔው ነኝ የማጸዳው ብለውኛል።» ሙጫው ድምጹ ከፍ ሲል ራሱም ተሰማው፤ አልመለሰውም። «እዚያ ጣቢያ አንዲት ሴት ታስራለች። የተናገረችው ቃል ሊያስፈርድባት እንደሆነ እያወቀች፣ ለምኛት እንኳ፣ አንዷን ቃል አልመለሰችም። እርስዎ ግን አንዲት ፔዳል ሲያዩ ቢሮዎን ገበያ አደረጉት!»

የቀረው ከዚያ በኋላ እንደ ተተረተረ ሹራብ ነው የተፈታው። የጡረተኛው ባልንጀራ በስልክ ሲጠየቅ፣ ሥራ አስኪያጁ እራቱ ላይ ሁሉም ከተቀመጠ በኋላ ሱሪው ቀይ ጭቃ ጠግቦ እንደደረሰ፣ «መኪናዬ ተይዛብኝ ስገፋ ነው» ብሎ እንዳሳቃቸው ተናገረ። የፒክአፑ ሸራ ሲነሳ ሥሩ አረንጓዴ የበር ቀለም ልጣጭ ተገኘ። መድኃኒቶቹን ያ ዝናብ ከመዝነቡ ብዙ ቀደም ብሎ በፊት ለፊቱ በር አስወጥቶ ሸጧቸዋል። ፋርማሲስቷ ማቀዝቀዣዎቹን ልቁጠር ባትል ኖሮ አጥር መቁረጥ ባላስፈለገው ነበር። ብስክሌቷን የመረጠው ሁሉም ስለሚያውቃት ነው። ባለቤቷን ደግሞ የመረጠው ዝም ስለማትል ነው።

ሙጫው ጣቢያ ሲመለስ ፋርማሲስቷ መኪናው ውስጥ ገብታ ተቀምጣለች። በሩን ራሱ ከፈተላት።

«ይውረዱ። አልቋል። ሥራ አስኪያጁ ነው።»

ወረደችና ቀሚሷን አራገፈች። «ተነድታ ነው የሄደችው ወይስ ተጭና?»

«ተጭና።»

«ብዬ ነበር።»

አዛዡ በመስኮት ብቅ አለ። «ብስክሌቷ እንዳትነካ! ኤግዚቢት ናት!»

«ኤግዚቢቱ ፔዳሉ ነው፤ እሱ ደግሞ እኔ ጋ ነው» አለ ሙጫው ቀና ብሎ። «የቀረው ንብረት የሴትዮዋ ነው።»

አዛዡ መስኮቱን ዘጋ። ፋርማሲስቷ ቦርሳዋን ተቀብላ ጨርቁን ፈታች። ግቢው መሐል ተንበርክካ የራሷን ፔዳል ወደ ተቃራኒው አዞረች፣ በመፍቻዋ አጠበቀች፣ ተነስታ በእግሯ ሞከረችው። ከዚያ በዚያች አስቀያሚ ብስክሌት ላይ ወጥታ፣ የአትክልት ሣጥኑ እየተንኳኳ፣ በፖሊሶቹ መሐል አልፋ በትልቁ በር ወጣች። ሙጫው በዓይኑ ሸኛት።

ከበሩ ውጪ ብዙም አልራቀች። ዞራ ተመለሰች።

ብስክሌቷን ጣቢያው ደጃፍ፣ መግቢያው ፊት ለፊት አቆመቻት። ከዓምዱ ጋር አሰረቻት። ጎንበስ ብላ ግራ እግሯን ፈታችና በጨርቅ ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ደረጃውን ወጣች፣ ሳቂታው ጠረጴዛ ፊት ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«እስክርቢቶ ያንሱ» አለችው።

ሳቂታው ሙጫውን አየ። ሙጫው ግድግዳውን ተደግፎ እጁን አጣመረ። በዚያ ክፍል ውስጥ አንድም ሰው አልሳቀም። ሳቂታው እስክርቢቶ አነሳ።

«ይጻፉ» አለች ፋርማሲስቷ። «የመጀመሪያው ብስክሌቴ ሰማያዊ ነበር።»